የታደሰ ቢጫ ጎመን

ጎመን ሰው ይገድላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር።

ጁባ ውስጥ የእኔን ጎመን ያላየ የለም። ሎሎጎ ሰፈር፣ ከጓሮዬ ሥር፣ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ ትንሽ ወንዝ ያልፋል፤ እዚህ ኾር ይሉታል። ከዳሩ የተከልኩት ጎመን አንድ ቅጠሉ ቤተሰብ ያስጠልላል። አንዴ የጎረቤት ፍየል ገብታ ጠፋችና በሦስተኛው ቀን ወልዳ ወጣች። አታምኑኝም? ፍየሏን ጠይቁ።

ጓደኛዬ ታደሰ ያው ኾር ከሚነሳበት፣ ጀበል ሰፈር ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነበር የሚኖረው። ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። እንጀራውን ራሱ ያቦካል፣ ሚስቱ አስካለ ወጡን ትሠራለች። ልቡ ግን ጓሮው ላይ ነው። ለአገሩ ሰው በእጁ የተከለውን ጎመን ማብላት፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ውሃው ከዓለቱ ወርዶ እሱ ጋ ሲደርስ ጠጠሩን ትቆጥሩበታላችሁ፤ እንዲያ ንጹህ ነው። ጎመኑ ግን ቢጫ። ዘሩ የእኔው፣ ኾሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ! እኔም ደንበኛ ፊት፣ "ታዴ፣ ጎመን ነው ወይስ እርድ ነው የምትተክለው?" እለው ነበር። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እሱም ይስቃል። የሚስቅ መስሎኝ።

አንድ ቀን፣ "በላይ፣ እጄ አልባርክ አለ መሰለኝ። እስቲ አንተ ዝራልኝ" አለኝ። መቼም እጀ ብሩክ ሰው ዘር ሲነካ ደስ አይላችሁም? ሄድኩ፤ እንደ ጳጳስ እየተጎማለልኩ ዘራሁለት። ቆይቶ በቀለ። ቢጫ!

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። "ለካ እጅህ አይደለም" ማለት ሲገባኝ፣ ምን ብል ጥሩ ነው? "እኔማ ዘርቼልህ ነበር፤ ውሃ ያጠጣኸው አንተ ነህ።" አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ጓሮውን ተወ። ቀጥሎ ሊጥ መንካት ተወ። ልጁ የበኩር ልጇን አቅፋ ስትመጣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ "ከሩቅ ማየቱ ይበቃኛል" አላት አሉ። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ያዘው። ሕፃኑን አንዴ እንኳ ሳያቅፍ ሞተ።

ከወራት በኋላ አንዲት የውሃ ባለሙያ መጣች፤ ኛኬም ትባላለች። እዚያው እኛ አገር፣ ጋምቤላ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል። ቀጭን ወረቀት ውሃው ውስጥ ትነክራለች፤ ውሃው ተክል የሚያጠግብ ነገር ካለው ወረቀቱ ይቀላል። ከታደሰ ጓሮ የነከረችው እንደ ከፈን ነጭ ሆኖ ቀረ። የእኔው እንደ ቀይ ሥር ደመቀ። ደረቴን ነፍቼ፣ "እጄ እኮ…" ስል አላስጨረሰችኝም።

"አባባ፣ እጅዎን ይተዉት! ያ ድንጋይ ለውሃ የሚሰጠው ነገር የለውም። ዝናቡ አጥቦት ባዶውን ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ነው የሰፈሩ ሽንት ቤት፣ የከብቱ በረት፣ እጣቢው ሁሉ የሚገባበት። የእርስዎን ጎመን የቀለቡት ጎረቤቶችዎ ናቸው። ከዚህ ደግሞ እንዳይጠጡ!"

በእግሬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ ያቺን "ያጠጣኸው አንተ ነህ" ያልኳትን ቀልድ ጨምሬ። "ስትስቅበት ሰው ፊት ነበር። ይኼንንም ሰው ፊት ንገርልኝ" አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው እንደተሰበሰበ ተነሣሁ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ታዴ እጅ አንዲት ቃል ሳልጨምር ተናገርኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ንጋቱም ይመሻል። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሽ በላይ፣ ዛሬ ደግሞ ሽንት ቤቱን ገበሬ አደረጉት!" አለ አንዱ፣ እንባውን እየጠረገ። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ስወጣ አንድ ጎልማሳ ተከተለኝ። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመና፣ "ጋሼ፣ ቅዳሜ መጥተው ዘር ይዝሩልኝ" አለኝ። "እንደ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእኔም እጅ አልባርክ ብሏል።"