ቀላል ሪሞት የገዛ ሰው

ሰው ዕቃ ሲመርጥ የሚያስበው ስለ ዕቃው ነው፤ ስህተቱም እዚያው ላይ ይጀምራል። ጫማ ስትገዙ ልኩን ታያላችሁ፣ ስልክ ስትገዙ ካሜራውን ትሞክራላችሁ፣ ሻጩ «አንደኛ ነው!» ሲላችሁ ባታምኑትም ደስ ይላችኋል። ዕቃው የእናንተ ከሆነ በኋላ ግን ማን ማን እጁን እንደሚዘረጋበት፣ እናንተስ ማንን እምቢ ለማለት አቅም እንደሚያጥራችሁ የሚነግራችሁ ሻጭ የለም። መጠየቅ የነበረባችሁ ግን እሱን ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

ሥራዬ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ትራንዚት ነው። የሰው ዕቃ ከወደብ አውጥቼ፣ ጭነት መኪና ላይ አስጭኜ፣ ወደ አዲስ አበባ እሸኛለሁ። ሲያወሩት ምንም አይመስልም። ባለዕቃው ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለምን አልወጣም?» ይለኛል፣ ሹፌሩ ደጅ ቆሞ «ለምን አልተጫነም?» ይለኛል፣ ቢሮ ስገባ ደግሞ «ለምን መጣህ?» እባላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አንዱ ወደ ግራ ያዞረኛል፣ ሌላው ወደ ቀኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ ስሮጥ አይቶ «ፍጠን» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በዕረፍቱ ቀን፣ ዓርብ ዓርብ፣ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ግራ ሲላት ግራ የምትሄድ፣ ቁሚ ሲላት የምትቆም አንዲት ነገር ቢመኝ ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

ለዚህ ነው በሪሞት ወደሚነዱ መኪኖች የገባሁት። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ትንሽ ራራ ስትል፣ ያለቀ ጎማ ደርድረን እንሽቀዳደማለን። መኪኖቹ ጫማ ጫማ ያህላሉ፤ ጭቅጭቁ ግን የትልቅ መኪና ነው። «ጎማውን ዘለልክ፣ አልዘለልኩም» የሚባለው በአማርኛ ተጀምሮ፣ በሶማሊኛ ጦፎ፣ በፈረንሳይኛ ይቋጫል።

መኪናዋን ከሌላ ሰው ስገዛት ሪሞት አልነበራትም። መምረጥ ነበረብኝ፤ መምረጥ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ቁጭ ብድግ ለሚያበዛ ሰው በሽታ ነው። መሪ ያለው ይሻላል ወይስ በአውራ ጣት የሚገፋ? ርቀቱስ? ብጠይቅ ይቀለኛል ብዬ የሥራ ባልደረባዬን ዋይስን አማከርኩት። ዋይስ የጅቡቲ ልጅ ነው፤ አማርኛ የተማረው ከጭነት መኪና ሹፌሮች ስለሆነ ምክሩ ሁሉ ጥሩምባ አለው።

«ዋርያ፣ ስክሪን የሌለው ሪሞት ምን ይሠራልሃል? ባለ አሥር ቻናል ግዛ!»

«መኪናዋ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መዞርና መሄድ።»

«ለነገስ?»

«ነገም ትዞራለች፣ ነገም ትሄዳለች» አልኩትና ገዛሁ። የሽጉጥ እጀታ ያለው፣ ምላጩን ስትስቡት የሚነዳ፣ በጎኑ ባለች ትንሽ መሪ የሚዞር፣ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ከጎተተች የምታስተካክል አንዲት ቁልፍ ያለችው። በቃ። ሌላ የሚነካ ነገር የለውም። ብልህ ሰው ነኝ ብዬ ለጥቂት ቀን ተንጎራደድኩ።

ከዚያ ዓርብ ደረሰ። ዋይስ የያዘው ሪሞት የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ይመስላል፤ ይበራል፣ ይጮኻል፣ ቁጥር ያሳያል። ሰው በአክብሮት አይቶት ያልፋል እንጂ አይነካውም። የእኔን ያየ ሁሉ ግን «ይሄማ ቀላል ነው!» ይላል፤ እጁም ከአፉ ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ አንድ ዙር ብሎ ይቀበለኛል፣ ከእሱ ወንድሙ ይቀበላል፣ ከወንድሙ የማላውቀው ሰው ይቀበላል። እኔ መኪናዋ ስትገለበጥ እየሮጥኩ አቀናለሁ። አስቡት፤ እምቢ እንዳይባል አድርጌ የመረጥኩት እኔው ነኝ። ውስብስቡን ብገዛ ኖሮ ማንም አይደርስብኝም ነበር።

ይሄ ሁሉ ጋሽ ተክሌ እስኪመጡ ነው። ጋሽ ተክሌ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ አባታቸው በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም የሟች አባቴ ባልንጀራ የነበሩ ሰው። አንድ ዓርብ ነፋስ ሊቀበሉ ብለው መጥተው ከጎኔ ቆሙ። እጄን አዩ። ሽማግሌ ቆሞ እጅ እጄን እያየኝ ዝም ብዬ ልነዳ?

«ጋሼ፣ ይሞክሩት» አልኩ።

«ኧረ ተው፣ ተጫወት።»

«በሞቴ! ግድ የለም፣ ይሞክሩት።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ መለሱልኝ ማለት አልችልም። ዓርብ ሲመጡ ሪሞቱን በሁለት እጄ አቀርብላቸዋለሁ፣ በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል፤ ለሌላው ሰው የነበረው ወረፋም በሳቸው ቆመ። መጀመሪያ ጎማ ለጎማ ሲያላትሟት ከረሙ። በኋላ እየቻሉ ሄዱ። ይባስ ብሎ ጎበዝ ሆኑ። መኪናዋ ለመጨረሻው ውድድር አለፈች፤ እኔ አላለፍኩም።

የመጨረሻው ውድድር የሚባለው ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ያለው ነው። እሱ ካለፈ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ይነሣል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ አቅም ያለው ወደ ደጋ ይሸሻል፣ ሜዳውም እስከ ጥቅምት ባዶ ይሆናል። እንግዲህ አንዲት ውድድር እንኳ በገዛ እጄ ጀምሬ በገዛ እጄ ሳልጨርስ ልከርም ነው። ትስቁብኝ ይሆናል፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ከጎናቸው ስቆም ጣቴ ያለ ምንም ነገር ምላጭ ይስባል። ጋሽ ተክሌን «ዛሬስ እኔ ልንዳ» ለማለት አፌን ስከፍት «ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ሰነበተ?» የሚል ይወጣል።

ስለዚህ መናገሩ ቢያቅተኝ መደበቁን መረጥኩ። ሁለተኛ ሪሞት ገዛሁ፤ መሪ የሌለው፣ በሁለት አውራ ጣት የሚገፋ፣ ትንሽዬ። መኪናዋ የምትታዘዘው ከእሱ ጋር ላላመዷት አንድ ሪሞት ብቻ ነው፤ ከአዲሱ ጋር አላመድኳትና አሮጌውን ረሳችው። ነገር ግን አዲሱ ባትሪ አልነበረውም፣ የመጨረሻው ውድድር ዕለት ደግሞ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የአሮጌውን ባትሪ አውጥቼ ለአዲሱ አጎረስኩትና ባዶውን ለጋሽ ተክሌ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ባርከው ተቀበሉኝ።

እኔ ትንሹን ሪሞት በፌስታል ውስጥ አድርጌ ከሰዉ ጀርባ ጎማ ላይ ቆምኩ። ጅቡቲ ውስጥ በዚያ ሰዓት እጁን ፌስታል ውስጥ ከቶ የሚነካካን ሰው ማንም ምን ታደርጋለህ አይለውም፤ ጫት እየመረጠ ነው። ችግሩ ይሄ ብቻ ነው፤ ጫት የያዘ ሰው ያካፍላል። መኪኖቹ ተነሥተው የመጀመሪያውን ጎማ እንደዞሩ ዋይስ ከኋላዬ ብቅ አለ። የእሱ መኪና ባለፈው ሳምንት ከውድድሩ ወድቃ ሥራ ፈት ነበር።

«ዋርያ፣ አንድ ሁለት ቅጠል ወርወር አድርግልኝ እንጂ።»

«ጫት አይደለም» አልኩ፣ ዓይኔን ከመኪናዋ ሳልነቅል።

«ታዲያ ምንድነው?»

«መድኃኒት!»

መድኃኒት ብቻ ነው ሰው አካፍለኝ የማይለው። ዋይስ «አላህ ይማርህ» ብሎ በሐዘን አየኝና ሄደ። እኔ ግን ጤነኛ ነበርኩ፤ በዓመቱ እንደዚያ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ግራ ስላት ግራ! ቀኝ ስላት ቀኝ! ከፊት ጋሽ ተክሌ ሪሞቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ኩርባው ላይ ከመኪናዋ ጋር ጎንበስ እያሉ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ይነዳሉ። የሚነዱ መስሏቸው ደስ ሲላቸው አንጀቴን በሉት። አንጀቴ ተበልቶም ቢሆን ነዳጁን አልቀነስኩም። የመጨረሻው ዙር ላይ ከፊት የነበረችው መኪና ጎማ ስትነካ በውስጥ በኩል ሾልኬ ገባሁና አንደኛ ወጣሁ።

ጋሽ ተክሌ አንደኛ ወጡ። ሰዉ አቀፋቸው፣ አጨበጨበ፣ በሦስት ቋንቋ አሞገሰ፤ ሽልማቱንም፣ የጠረጴዛ ቬንቲሌተር፣ በካርቶኑ አስታቀፋቸው። እኔም ከሌላው ጋር አጨበጨብኩ። ፌስታሌ ብብቴ ውስጥ ነው።

ወደ ካርቲየ ሁለት ስንመለስ ካርቶኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ አይሸከምም። ሰው ከጎናችን ሲቀንስ ጋሽ ተክሌ ቆም ብለው ዙሪያቸውን አዩ።

«ልጄ፣ ሪሞቱ ባትሪ የለውም እኮ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልበራ ሲለኝ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ... ለምን ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«በሰው ፊት ላሳፍርህ? ወዲያው መኪናዋ ስትሄድ አየሁ፤ የሚነዳት አለ ማለት ነው ብዬ እኔም ነዳሁ።» ጥቂት ሄደው ጨመሩ፦ «ደግሞ ደስ አለኝ። እኔ እኮ መቆም አልችልም፤ ጉልበቴ ዓርብ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያድራል። የምመጣው ልቀመጥ ነበር። የዚያ ሰው ልጅ በሁለት እጁ ሲሰጠኝ እምቢ ብለው ቅር ይለዋል እያልኩ ነው እንጂ።»

እኔ የእሳቸውን ፊት ስፈራ፣ እሳቸው የእኔን ፊት ሲፈሩ፣ መኪናዋ ሁለታችንም ሳንፈልግ ስንት ዓርብ ዞረች! በራቸው ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። ጋሽ ተክሌ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ጎንበስ ብለውም ጆሮዬ ላይ፦

«ያንተ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ብመልስልህ ግን ሰው ምን ይላል?»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

አሁን ሙቀቱ ገብቷል። የሳቸው ቤት ነፋስ አለ፣ የእኔ የለም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ራሴ ነድቼ አሸንፌያለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ለማንም አይናገሩም፣ ይሉኝታ ያውቃሉ።