ጁፒተር አዳራሽ ሽማግሌ ላከብኝ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ የጠፈር ሳይንስ ማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ወረፋ ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝና በሕልሜ ጉድ አየሁ።

የሄድኩት አዳራሽ ፍለጋ ነበር። ጾም ሊገባ አንድ እሑድ ብቻ ቀርቷል። ልጄ ሜላት በዚያች እሑድ ካልተዳረች እስከ ፋሲካ ልትጠብቅ ነው፤ እጮኛዋ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ለሦስት ዓመት ትምህርት ቻይና ይሄዳል። የከተማው አዳራሽ ሁሉ ተይዟል። ማኅበሩ የስብሰባ ክፍሎቹን በፕላኔት ስም ሰይሞ ያከራያል ሲባል ሮጥኩ፤ ማርስ ሠላሳ ሰው ብቻ ይይዛል፣ ጁፒተር ሁለት መቶ። ጁፒተርም ተይዟል አሉኝ።

በሕልሜ ቤቴ ጣሪያው ላይ ተገልብጬ ተቀምጫለሁ። ደጄ ላይ አዳራሾች ተሰልፈዋል። የፋሲካው በግ ጥበቃ ሆኖ፣ "መታወቂያ!" ይላል። ጨረቃ መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበት ተመለሰች።

ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ያረጀ ቴሌስኮፕና ጋቢ የለበሰ ማይክሮፎን።

"አረፍ በሉ" አልኳቸው።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አለ ቴሌስኮፑ። "ልጃችን ጁፒተር ሁለት መቶ ወንበር ያለው ጨዋ አዳራሽ ነው። ለእሑድ ይከራዩልን ብለን ልንለምን መጣን።"

በደስታ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት ልጅ አባት የት አገር አለ? ለሜላት የመጡትን ሽማግሌዎችም ሁለቴ መልሼ ነው በሦስተኛው የፈቀድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሲለምነኝ ደስ ይለኛል።

"ዘሩ ማን ነው? ቤተ ዘመድ ሳላማክር? በሳምንቱ ተመለሱ!" አልኩ ተኮፍሼ።

ሥራ አስኪያጁ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ጣሪያ ላይ ስለነበርን የወደቀው ወደ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ አይጨክኑ! ሌላ ፈላጊ አለ!"

"በሳምንቱ ብያለሁ!"

በራሴ ጩኸት ባነንኩ። ጸሐፊዋ ወይዘሪት አጸደ ፊቴ ቆማለች።

"ምነው ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ምን አስቆጣዎት? ጁፒተር ለእሑድ ተለቀቀ፣ ይወስዱታል ወይ ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁዎት። በሳምንቱ ተመለሱ ብለው ሲጮኹብኝ ለቀጣዩ ተረኛ ሰጠሁት።"

ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ ውሉን አጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ የእኔም ልጅ በዚሁ እሑድ ናት" ብሎኝ ወጣ።

ዓይኔ እንባ ሞላ። ተነሥቼ ጠረጴዛዋ ፊት ቆምኩ።

"አረፍ ይበሉ" አለችኝ።

"መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም።"

መዝገቧን አገላበጠች።

"እንግዲያው" አለች፣ "በሳምንቱ ይመለሱ።"