ሙጬ ጋ ወራጅ አለ

ትናንት ሕልም አየሁ። ለቢሮ ጓደኞቼ ብነግራቸው መሳቂያ ያደርጉኛል፤ ለእናንተ ልንገራችሁና እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ።

በሕልሜ ቢሮዬ አጠገብ፣ ጀሞ ታክሲ ተራ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ወንበር ይዞ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የተሰለፉት ታክሲዎቹ ናቸው። አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆመው ፀሐይ ይፈጃቸዋል። አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ሰልፉን ጥሳ ልትገባ ስትል ሌሎቹ በጥሩምባ አዋረዷት።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቸኩያለሁ። አባቴን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አቁሜያቸው ነው የመጣሁት። የአባባን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ከክንድ ርቀት ያለፈ ሰው ጥላ ነው የሚሆንባቸው። ሆስፒታል ለአራት ሰዓት ተቀጥረዋል፤ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ካላሉ ቀጣዩ ቀጠሮ የዛሬ ዓመት ነው። ጠዋት አብረን ወጥተን ሜክሲኮ ስንደርስ፣ «አባባ፣ ቢሮ ፈርሜ ልመለስ። ሁለት ተኩል ካለፈ መፈረሚያውን ያነሱታል። ከዚች እንዳይነቃነቁ!» ብያቸው ሄድኩ። «ወዴት እነቃነቃለሁ» ነው ያሉኝ። ይህን በሕልሜም አልረሳሁትም።

ተራ አስከባሪው አህያ ነበር። ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል።

«ወዴት ነዎት?» አለኝ።

«ሜክሲኮ።»

«ታዲያ ምን ዝም ይላሉ? ይጩኹ እንጂ! ሾፌሩ በምን ይወቅልዎት?»

ተነሥቼ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ጮኽኩ። ጉሮሮዬ ሊበጠስ ሲል አንዲት ሚኒባስ መጥታ ወሰደችኝ። ሾፌሩ የኋላውን ወንበር ጥግ ይዞ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ መሪውን የያዘ ሰው የለም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት መቼ እንደምንደርስ ብቻ ነው።

ረዳቷ ሻሽ ያሰረች፣ አክስቴን የምትመስል ሴትዮ ነበረች። «ሒሳብ!» አለች። ብር ሳወጣ ሳቀችብኝ።

«ወንድሜ፣ ከተማው በቀጠና መከፈሉን አልሰማህም እንዴ? ከዳር እስከ መሀል አንድ ምክንያት፣ መሀሉን ላለፈ ሁለት ምክንያት። ለምን እንደምትሄድ ንገረኝ፤ ሒሳቡ እሱ ነው።»

ደስ አለኝ፤ ምክንያትስ ሞልቶኛል። «የአባቴ ዓይን ሊጠፋ ነው» አልኳት።

ምክንያቴን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፤ አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ይሄ ትልቅ ነው። በጠዋቱ ማን ይዘረዝርልኛል? ትንሽ የለህም?»

«እውነት እኮ ነው!»

«ውሸት ነው አላልኩህም። ዝርዝር አምጣ ነው የምልህ።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «እንዲያው ዞር ዞር ልበል ብዬ ነው» ብሎ ከፈለ። ሳታገላብጥ ተቀበለችው። ኪሶቼን አንድ በአንድ ዳበስኩ።

«እ... ፈርሜ ልመለስ ብዬ ነው» አልኳት።

«ይኸው! እያለህ ነው እንዴ የምታለፋኝ?» አለችና ከሌሎቹ ጋር መዳፏ ላይ ደረበችው። አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሣር ቤት ስንደርስ ሣር ቤት የለም። ፌርማታው ከነሊስትሮዎቹ፣ ከነሎተሪ አዟሪዎቹ ዜብራ እየተሻገረ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«ጣቢያዎቹ ዛሬ ፈቃድ ወጥተዋል» አለች ረዳቷ። «ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ሰው ሲያልፍ ሲያገድም እያዩ ነው የኖሩት። እነሱስ መውጣት አያምራቸውም?»

በመስኮት ሳይ ለገሃር ስታዲየምን አስከትሎ፣ ቀስ እያለ ወደ እንጦጦ ያዘግማል።

«ሜክሲኮስ?»

«እሱማ በጠዋት ነው የሄደው።»

ክው አልኩ። አባባን ያቆምኳቸው ሜክሲኮ ነው፤ ሜክሲኮ ከሄደ አባባ የት ናቸው? «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩና ሚኒባሷ ሳትቆም ዘለልኩ።

መሀል ከተማው ሜዳ ሆኗል። አደባባዩ የለም፣ ድልድዩ የለም፣ የማውቀው አንድም ሕንፃ የለም። ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደምሮጥ ግራ ገባኝ፤ ወደ ፊት ስሮጥ ከኋላዬ የተውኩት ቦታ እደርሳለሁ። በመጨረሻ ያልተነቃነቀ አንድ ነገር አየሁ። አባባ ናቸው። ከነጋቢያቸው፣ ከነዱላቸው፣ ያቆምኳቸው ቦታ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ታፔላ ተንጠልጥሎባቸዋል፤ «ሙጬ» ይላል። የአባቴ ስም ሙጬ ነው። ፋይል የታቀፈ አንድ ሰውዬ ከጫማቸው ጫፍ ጀምሮ መሬቱን በሜትር ይለካል። በየአቅጣጫው ታክሲ ይጎርፋል፤ ከየታክሲው «ሙጬ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እጃቸውን ያዝኩ።

«ሰውዬ፣ ጣቢያ አይነካም!» አለ ባለፋይሉ።

«አባቴ ናቸው! ለአራት ሰዓት ተቀጥረዋል!»

«አንደኛው ቀጠና የሚጀምረው ከእሳቸው ነው። እሳቸው ከተነቃነቁ ከተማው መሀሉን ያጣል። ሌሎቹ ሁሉ ሄደዋል፤ ቁሙ ሲባሉ የቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ዓይናቸውስ?»

ባለፋይሉ ከልቡ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ጣቢያ ዓይን ምን ያደርግለታል?»

«አባባ፣ እንሂድ!» ብዬ ሳብኳቸው። እንደ ስልክ እንጨት ተተክለዋል።

«ማነህ?» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው።

«ልጅዎ ነኛ!»

«ልጄማ ከዚች እንዳልነቃነቅ ነግሮኝ ሄዷል። እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ።»

እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ከሩቅ፣ «ሙጬ! ሙጬ!» እያለች አንዲት ሴት ተጣራች። የሆስፒታሉ ነርስ ትሁን የታክሲዋ ረዳት መለየት አቃተኝ። «አቤት! አቤት! እዚህ ናቸው!» እላለሁ፤ ድምፄ አይወጣም። አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

«ወንድም፣ መጨረሻ ነው። ውረድ።»

የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። የነቀነቀችኝ ትኬት ቆራጯ ናት። በመስኮት የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቆች ይታያሉ። ፈርሜ ስመለስ ወንበር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሜክሲኮን ተኝቼ አልፌዋለሁ። ጣቴ ላይ የእስክሪብቶው ቀለም አልለቀቀም። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ከአምስት ይላል።

ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው።

«አባባ! የት ነዎት?»

«የት እሆናለሁ? ካቆምከኝ ነኛ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ናት የደወለችልኝ።»

«የምን ከኋላዬ?»

«ሰው ተሰልፏል እኮ። ቆሜ ሲያዩኝ ጊዜ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፣ ሌሎቹም ከእነሱ ኋላ። ታክሲ በመጣ ቁጥር ‹አባት፣ ተራው የእርስዎ ነው፣ ይግቡ› ይሉኛል። ልጄ እንዳልነቃነቅ ነግሮኛል እላቸዋለሁ።»

«ታክሲው ወዴት የሚሄድ ነው?»

«በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው አሉኝ። ይኸው ሦስተኛው መጣ፤ ምን ልበላቸው?»