ሁለቱ ሞተሮቼ

ሰው ንብረቱን ከሌባ ለመጠበቅ የማያደርገው የለም። እኛ ወለጋ አንዱ የውሃ ሞተሩን ከዋርካ ጋር በሰንሰለት ይቆልፋል፤ ሌላው ፈታትቶ አልጋው ስር ያስገባል። አንገር ጉቲን የሚኖር አንድ የማውቀው ገበሬ ደግሞ የትራክተሩን ባትሪ ነቅሎ ሰርግ ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ አጠገቡም ወንበር ይሰጠዋል፣ ለባትሪው ማለቴ ነው። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ንብረቴን የጠበቅሁት በቋንቋ ነው።

ነቀምቴ አማርኛ አስተምራለሁ። ታዲያ ሽንኩርት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ አትበሉኝ፤ ባለቤቴም ይህን ጥያቄ ጠይቃ ጠይቃ ደክሟት ትታዋለች። ብቻ ጉቴ አካባቢ፣ ወንዝ ዳር፣ ከአዛውንቱ ገበሬ ከኦቦ ዲንቃ ማሳ አጠገብ ትንሽ መሬት ተከራይቼ ሽንኩርት ተክያለሁ። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል፣ በጋው ብሷል፤ በሦስት ቀን አንዴ ካልጠጣ አለቀለት። የሚያጠጣው ሞተሬ ነው። እኔን ከነቀምቴ የሚያመላልሰኝም ሞተሬ ነው፣ ባለሁለት ጎማው። አማርኛችን ውሃ ሳቢውንም ሰው ጫኙንም አንድ ስም ሰጥቶ አርፏል። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ እያልኩ ይህንኑ ስንት ዓመት አስተማርኩ መሰላችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ሞተሮቼ ወንዙ ዳር ቆመው ሳሉ ለቅሶ ተጠራሁ። ለቅሶ ደግሞ በሞተር አይደረስም፣ ጋቢ ጎማ ውስጥ ይገባል። በሚኒባስ ልሄድ ተነሳሁና ኦቦ ዲንቃን፣ ሞተሬን አደራ አልኳቸው። እሳቸው አደራ ከተባሉ ምሳም አይበሉም። ገና እያየኋቸው ዱላቸውን ይዘው ዛፉ ስር ተቀመጡ። ልቤ ረክቶ ሄድኩ።

ስመለስ ባለሁለት ጎማው ሞተሬ አቧራው ተጠርጎ፣ ወንበሩ ፀሐይ እንዳያገኘው ቅጠል ለብሶ ቆሟል። የውሃው የለም። የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፓምፑን ነው እንዴ ባርሲሳ፣ አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። ሁለት ሰዎች ጋሪ ይዘው መጥተው፣ ለጥገና የላከን እርስዎ የሚያውቁት መምህር ነው ብለዋቸዋል፤ ከባድ ስለሆነም አግዘው ጭነውላቸዋል። አንደኛው ሞተሩን ሊደገፍ ቢል ግን በዱላ አባረውታል። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት አይቼ እንዴት ልቆጣ? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

በርሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ምን ተሰረቀብዎ ተባልኩ። ሞተር አልኩ። ታርጋ ቁጥር ተባልኩ። የደነገጠ ሰው የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ እኔም በቃሌ የማውቀውን ታርጋ ዘረገፍኩ፣ ስልኬን አስመዘገብኩ፣ አመስግኜ ወጣሁና ሞተሬን አስነስቼ ቤቴ ገባሁ። እንዲህ ያለ አማርኛ አስተማሪ ነው ያላችሁ።

ኦቦ ዲንቃ ነገሩ ሲገባቸው እንቅልፍ አጡ። በአህያቸው ጀሪካን እየጫኑ ሽንኩርቴን ሲያጠጡ ሰነበቱ፣ ግን አህያ ስንቱን መስመር ታዳርሳለች? የቀኑ ግለት ቅጠሉን ያጥፈው ጀመር። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የራሱን የውሃ ሞተር አዋሰኝ። ሞተሬ ላይ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩትና፣ ዛሬ ደረስኩልህ እያልኩ ወደ ጉቴ ነዳሁ።

መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ አስቆመኝ። ታርጋውን አየ፣ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ፣ እንደገና ታርጋውን አየ። ሊብሬ አለኝ፤ ቤት ነው አልኩት። ከኋላ የታሰረውስ አለኝ፤ የተዋስኩት ነው አልኩት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ ቆይ መጀመሪያ ባለቤቱን ላስደስተው ብሎ ስልኩን አወጣ።

የኔ ኪስ ጮኸ። ትራፊኩ ቆጣ ብሎ ቶሎ አናግሬ እንድዘጋው በእጁ አመለከተኝ። አነሳሁት።

እንኳን ደስ አለዎት፣ ሞተርዎ ከነሌባው ተይዟል አለኝ።