የምስሩ ባለቤት ይገለጽ

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አባባሉን ያወጡት ሰዎች ግን፣ ሹመቱ የቀረበት ሰውዬ አፉን ሳይከፍት ቀርቶ ይሁን ከፍቶ አጉል ተናግሮ አልነገሩንም። እኔን ከጠየቃችሁኝ (አልጠየቃችሁኝም፤ ቢሆንም) ብዙ ሹመት ያስቀረው ዝምታ ሳይሆን የአቀራረብ ጉድለት ነው። በዚህ እምነት ደብረ ብርሃን መዝገብ ቤት ውስጥ ሸብቼ ጡረታ ወጣሁ። "ጉዳዩ" ብሎ ያልጀመረ ሰው ጭራሽ ጉዳይ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ጡረታዬን በግ በማርባት ጀመርኩና የከብት አርቢዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገባሁ። ሰው ይጠይቃል፤ "ዶክተሩ" የምንለው አንድ ደግ የእንስሳት ሐኪም ይመልሳል። አወይ ግን የጥያቄው አቀራረብ! "በጌ ያስላል" ብሎ ዝም። ከየት? ከመቼ ጀምሮ? አላስችል ብሎኝ በየጥያቄው ሥር ተግሣጽ ስጽፍ፣ ቡድኑን ያቋቋመው ሰው ሰለቸው መሰለኝ አስተዳዳሪ አደረገኝ። በማግስቱ ደንብ አወጣሁ፤ ሰላምታ፣ ርዕስና ዝርዝር ሁኔታ የሌለው ጥያቄ ከቡድኑ ይሰረዛል። ዶክተሩ "ጋሼ፣ እኔ የምመረምረው በጉን እንጂ ደብዳቤውን አይደለም" አለኝ። ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ከእነዋሪ ጻፉ። "በሬዬ ምስር ገብቶ በላ ሆዱ ተነፋ ሊሞትብኝ ነው ቶሎ በሉ።" ይኸው ነው። ጥያቄውን ከቡድኑ ሰረዝኩና በግል መለስኩላቸው፦ ሰላምታ አልቀረበም፤ ርዕስ የለውም፤ የምስሩ ባለቤት አልተገለጸም፤ ተስተካክሎ ይቅረብ። ሴትዮዋ ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ እንደሆነ፣ አንዱ ከሞተ ሌላው ብቻውን እንደማያርስ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

"ጤና ይስጥልኝ በሬዬ ሊሞት ነው" ብለው ላኩልኝ። መሻሻል አለ። ርዕስ ግን የለም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብዬ በትሕትና መለስኩት። ሦስተኛው መጣ። "ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ በሬ። ምስሩ የጎረቤቴ ነው ብቻ እንዳይሰሙብኝ። ኧረ በእመቤቴ ጋሼ!"

ርዕስ! በኩራት ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽንኩርት መላጧን አቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ በሬ ሊሞት ሲል ማመልከቻ ትጠይቃለህ? ሙክታችንን ድንች ያነቀው ለታ ለዶክተሩ ደውለህ ምን ነበር ያልከው?"

"ድረስ" ነበር ያልኩት። ሰላምታም አልነበረው።

ጥያቄውን እንዳለ ለቡድኑ ለቀቅኩት። ለዶክተሩ እደውላለሁ፣ አያነሳም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን "ነገ ተመለሱ" ስል ኖሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቡድኑ ላይ ደብዳቤ ወጣ።

"ለከብት አርቢዎች ቡድን፣ ባላችሁበት። ጉዳዩ፦ የበሬዬን መዳን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ዶክተሩ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሳይሰረዝ አይተውት በግል መልሰውልኝ ኖሮ፣ እኔ ግን የጋሼን ርዕስ ሳስተካክል ሳላየው ቆይቻለሁ። ሆኖም በኋላ አይቼው፣ እንዳዘዙኝ ዘይት አጠጥቼ፣ ፊቱን ወደ ዳገት አቁሜ፣ የቀበሌው የከብት ሐኪምም ደርሶልኝ፣ በሬው አሁን ቆሞ ያመነዥጋል። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለጋሼ፣ እንዲያውቁት። ለበሬው፣ ርዕሱ እስኪስተካከል ስለታገሠ።"

ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባ እንባ ያለው ሳቅ ነበር። ደንቡን እዚያው ሻርኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው እንደመጣለት ይጻፍ አልኩ። ጽፌ ሳልጨርስ ከእነዋሪ አንድ አባል፣ ገብተው አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁ፣ ብቅ አሉ።

"ምስሩ የኔ ነው።"

ሰላምታ የለው፣ ርዕስ የለው። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ሁሉ ግን እንዲህ ግልጽ ጽሑፍ አላየሁም።