የሰፈራችን ሚኒስትርና የዚፕ እገዳ

በየሰፈሩ አንድ የንግድ ሚኒስትር አለ። መንግሥት ቢወድቅ፣ ካቢኔ ቢበተን፣ እሱን ከሥልጣን የሚያወርደው የለም። የኛው ክቡር ሚኒስትር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ አገር ይመራሉ።

ፖሊሲያቸው አንዲት ናት፤ «ድንበሩን ዝጋው፣ ያኔ ታያለህ!» ፋብሪካ ሠራተኛ በተነ? «ድንበሩን ዝጋው!» ዳቦ ተወደደ? «ድንበሩን ዝጋው!» አንድ ቀን ሰልፈኞች ከአስለቃሽ ጭስ ሸሽተው ሱቃቸው ቢገቡ፣ ክቡርነታቸው በሩን ቀርቅረው ስለ ቀረጥ ያስረዷቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አንዱ፣ «አባባ፣ ይክፈቱልን፤ ጭሱ ይሻለናል» አለ።

አዲሱ መንግሥት፣ እሱም ከመውደቁ በፊት አንድ ነገር ልሥራ ብሎ ነው መሰለኝ፣ እውነትም የውጭ ዕቃ አገደ። ሰፈሩ «እንኳን ደስ ያለዎት» ሊል ጎረፈ። ክቡርነታቸውም «ዘገዩ እንጂ ገብቷቸዋል» አሉ።

ወር ሳይሞላ ዚፕ ከገበያ ጠፋ። ለካ አገራችን ዚፕ ሠርታ አታውቅም! ክቡርነታቸው ዚፑን በልብስ ቁልፍ መተካት ያዙ፤ «አያቶቻችን በዚፕ ነው እንዴ የኖሩት?» ቁልፉም አለቀ። ሚስታቸው፣ «ከድንበሩ በፊት ያንተ አፍ መዘጋት ነበረበት!» አሏቸው።

ወረቀትም ከውጭ ነበርና እኔ የምጽፍበት ጋዜጣ ተዘጋ። ስንት ደጅ ጠንቼ ለአንድ ሥራ ፈተና ብጠራ፣ ያለችኝ አንዲት ደህና ሱሪ ዚፕዋ በዋዜማው ተበጠሰ። ሥራው ካመለጠኝ ልጆቼን ይዤ አማቴ ቤት መግባቴ ነው። ሄጄ ሱሪዬን ክቡርነታቸው ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት።

«ይኸው ፖሊሲዎ! የኮንትሮባንድ ዚፕ አይጠፋም ይባላል፤ ይፈልጉልኝ።»

«እኔ ቤት ኮንትሮባንድ አይገባም! ጠዋት ና።»

ጠዋት ሱሪዬ ተተኩሶ፣ ዚፑ ሽር ሲል አገኘሁት። ከየት እንዳመጡት ብጠይቅ፣ «የመንግሥት ምስጢር ነው» አሉኝ።

ሥራውን አገኘሁ። ላመሰግን ብመለስ፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ሳይከቱ ሰው ፊት የማይቀርቡት ሰው ለቀውት ቆመዋል። ከሥሩ መርፌ ቁልፍ ብልጭ አለ። ሚስታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ከራሱ ሱሪ ፈትቶ እኮ ነው፤ ሌላ የለውም» አሉኝ።

«ሥራውን አገኘኸው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አገኘሁ።»

ወደ ግድግዳው ዞረው በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲመለሱ ግን ሚኒስትር ነበሩ። «አየህ? እገዳው ሥራ ፈጠረ!»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። እንደዚያ ቀን የወደድኩት ባለሥልጣን ግን በሕይወቴ የለም።

«ልክ ነዎት፣ ክቡር ሚኒስትር» አልኩ፤ ከልቤ።