አሮጌ መኪና መውደድ ያስጠረጥራል

በአገራችን ለሰው የማይፈቀድለት ነገር ጥቂት ነው። ቢጠጣ «ምን ያድርግ፣ ሐሳብ ይዞት ነው» ይባልለታል። በአጥር ወሰን ሃያ ዓመት ቢሟገት «ወንድ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ጥቅም የሌለውን ነገር ወዶ ቢሠራ ግን ጎረቤቱ ሁሉ መርማሪ ይሆንበታል። ከየት አወቅህ ትሉኛላችሁ? ተመርምሬ ነዋ!

በጃንሆይ ዘመን መቱ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ለሥራ ሁሩሙ ሄጄ፣ ኦቦ ገለታ በሚባሉ ማር ነጋዴ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ጣሊያን ሲሸሽ የጣላት አንዲት መኪና አየሁ። ጎማ የላትም፣ መስታወት የላትም፤ ዶሮዎች ሰፍረውባታል። የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንደ ሚኒስትር ተኮፍሳ እንቁላል ታቅፋለች። የፊት መብራቶቿ ግን እንዲያ ሆነውም ሰው ያያሉ። ወደድኳት። ሌላ ምን ልበላችሁ?

በበቅሎዬ እንዲለውጡልኝ ስጠይቃቸው ኦቦ ገለታ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ውስጧ ወርቅ አለ?» የለም ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ዶሮዎቹን አስወጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ወንበሩን ሲበረብሩ ከርመው ነው የሰጡኝ።

በበቅሎ የሄደ ባሏ በበሬ መኪና አስጎትቶ ሲመለስ ያየችው ባለቤቴ ዘነበች፣ «በቅሎዋስ?» ብቻ ብላ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ ዓለሜ ጓሮዬ ሆነ። ዝገት እፍቃለሁ፣ ብሎን በላምባ አጥባለሁ፣ ከጅማ በሚመጡ ሾፌሮች እጅ ጎማና ካንዴላ አስመጣለሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ጋሼ ጀማል ልነግድባት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። ሰው ላመላልስባት? አይደለም። «ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው?» ቢሉኝ፣ «ደስ ትለኛለች» አልኳቸው። ጋሼ ጀማል ይህን ሲሰሙ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ የፖሊሱ ሹም ሻምበል ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«መኪናዋ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት፣ ጌታዬ።»

«አንተ አንድ ነህ። አራቱ እነማን ናቸው?»

እስካሁን ዶሮዎች ነበሩ ልል ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ወደ ሱዳን የሚያወጣውን የጋምቤላን መንገድ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ያለ ፈቃድ ከከተማ እንዳልወጣ አስጠነቀቁኝ፤ በስሜም ፋይል ተከፈተ። በዚያ ዘመን ፋይል የተከፈተበት ሰው እንጀራው በማን እጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መሀል ሌላ ጉድ መጣ። እሑድ እንደላላ የተውኩት ብሎን ረቡዕ ጠብቆ አገኘሁት። የተቀደደው የሞተሩ የውሃ ቱቦ በአዲስ ተተካ። ሌባ ይወስዳል እንጂ ይጨምራል? ዘነበችን ብጠይቃት ዓይኗን ሰብራ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ሰው ሲጠረጠር ይናደዳል፤ ሲጠረጥር ግን አስተዋይ የሆነ ይመስለዋል። እኔም በጣም አስተዋይ ሆንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ የሄድኩ መስዬ ወጣሁና በጓሮ አጥር ሾልኬ ተመለስኩ። ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ሥር ጆንያ ተከናንቤ ተጋደምኩ። ብዙም ሳይቆይ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው ኮቱን አወለቀ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ እያፏጨ ሥራውን ጀመረ። ቀስ ብዬ ቀና ብል ሻምበሉ ናቸው! እጅጌያቸውን ሰብስበው ሞተሩን ያባብላሉ። «እሺ እመቤቴ፣ ዛሬስ ታስነጥሺልኝ ይሆን?»

በዚህ ጊዜ የዶሮ ላባ አፍንጫዬ ገባና አስነጠስኩ።

ሻምበሉ ወደ ሽጉጣቸው ዘለሉ። ማንነቴን ሲያዩ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው አፈጠጡብኝ፤ በገዛ መኪናዬ ውስጥ! «እርስዎስ?» አልኳቸው። በግራሶ የጠቆረ እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከመሾማቸው በፊት የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበሩ። «ይህን ማዕረግ ካገኘሁ ወዲህ ብሎን የሚያስነካኝ ሰው የለም» አሉ፤ ድምፃቸው አሳዘነኝ። ለዘነበች ደግሞ ፍተሻ ነው፣ የመንግሥት ምስጢር ነውና ለባልሽ ትንፍሽ እንዳትይ ብለዋታል። ምስኪን፣ አንድ ወር ሙሉ መታሰሬን ስትጠብቅ ኖራለች።

«እንግዲያስ ፋይሉ ይዘጋልኛላ?» አልኳቸው።

«ፋይሉ ከተዘጋ በምን ምክንያት እመጣለሁ?»

ነገሩን ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ለዘነበችም? በተለይ ለእሷ! እኔም ፈሪ ነኝና ማልኩ።

ምርመራው በዚህ ዓይነት እየተፋፋመ ሳለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ድንገት ተነሳ። ሻምበሉ ሙሉ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ መሪውን ያዙ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ የሁሩሙን መንገድ ተያያዝነው። ከደስታ ብዛት እንባዬ ይወርዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ቆሟል፤ ባርኔጣ ያወለቀ አለ፣ አፏን በነጠላ የያዘች አለች። እጄን ባወዛውዝ የመለሰልኝ የለም። አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ዘነበች ስንቅና ብርድ ልብስ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ታለቅሳለች። ጋሼ ጀማል አጠገቧ ቆመው፣ ነገሬን ከመጀመሪያውም ያውቁት እንደነበር ለሕዝቡ ያስረዳሉ። ለዘነበች እዚያው መሐላዬን አፍርሼ ሁሉን ነገርኳት። አመነችኝ፤ ያነጋገረችኝ ግን ከሳምንት በኋላ ነው።

ሰኞ ቢሮ ብገባ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አልታሰርኩም ብዬ ብምል አለቃዬ ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ሮጬ ሄድኩ። ሻምበሉም አላሳፈሩኝም፤ «እኚህ ሰው ታስረው አያውቁም» ብለው በማኅተም አስደግፈው ጻፉልኝ። አለቃዬ ወረቀቱን አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩ፤ ወንበሬንም መለሱልኝ።

በሩን ዘግቼ ስወጣ ግን ለሒሳብ ሹሙ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

«ወዳጄ፣ ምንም የሌለበት ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ምን ያደርግለታል?»